የአባባ ጉልበትና የሐኪሙ ምክር

ነገሩ የጀመረው በዐቢይ ጾም፣ ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰቆጣ ከሚገኝ አንድ ክሊኒክ ስንወጣ ነው። ሐኪምን እምቢ የማይል፣ ግን የታዘዘውን ሁሉ ወደሚወደው ነገር የሚተረጉም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ቤት አለ። ቄሱ አባቴ ናቸው።

ሐኪሙ የጉልበታቸው መገጣጠሚያ እየተፋፋቀ መሆኑን ነግሯቸው፣ "ከተጠነቀቁለት ቀዶ ሕክምና ላያስፈልገው ይችላል" አላቸው። ክብደት እንዲቀንሱ፣ በትር እንዲይዙ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እየዘረጉ ጭናቸውን እንዲያጠነክሩ፣ ተንበርክኮ መነሣትንም እንዲተዉ መከራቸው።

መንገድ ላይ የአባባ ፊት በራ።

"ይኼማ የኛው ሥርዓት ነው፣ ልጄ! ክብደቱን ጾሙ ይቀንሰዋል። ለበትሩ መቋሚያዬ አለ። ስፖርቱ ደግሞ ስግደት ነው።"

"ተንበርክኮ መነሣቱን ይተዉ ብሎዎታል እኮ፣ አባባ።"

"እሱማ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ለሚሠራ ግንበኛ የሚነገር ነው።"

ልብ በሉ፤ ሌላ ሰው ሲታመም "የታመመ አይሰግድም፣ እግዜር ልብህን ያያል" የሚሉት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ግን ማን ይምከር? ማምሻውን ሲሰግዱ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ከጓዳ ይሰማኛል፤ በየመሐሉ ሐኪሙን ይመርቃሉ። ያ ጉልበት ካለቀ ቆመው እንዴት ይቀድሳሉ? ደግሞስ ቄስን "አይስገዱ" የምትል ልጅ ምን ትባላለች? እንቅልፍ አጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወንበር አምጥቼ የሚሰግዱበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩና ራሴ ተቀመጥኩበት።

"ተነሽ እንጂ፣ ልሰግድ ነው።"

"አልነሣም፣ አባባ" አልኩ። ሐኪሙ ለእሳቸው እንዳዘዘው፣ እዚያው ተቀምጬ እግሬን ወደ ፊት ዘረጋሁ።