«በልቻለሁ» ያልኩ ዕለት

የሰው አገር ቋንቋ የተማረ ሁሉ አንድ የሚኮራባት ዓረፍተ ነገር አታጣውም። የእኔዋ «አይ ሃቭ ኢትን» ናት፤ በልቻለሁ ማለት ነው። ጣሊያን ሳይገባ ደብረ ማርቆስ ያስተማሩኝ መምህሬ ይህቺን ግሥ ሳምንት ሙሉ ፈትፍተው አጉርሰውኛል። ድርጊቱ ያለፈ ነው፣ ፍሬው ግን አሁን አለ፤ በልቻለሁ ያለ ሰው ምግቡ አሁንም ሆዱ ውስጥ ነው ይሉን ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋ ግሥ እስካሁን አላየሁም።

ታዲያ በጣሊያን ማብቂያ ላይ፣ አርበኞችን ሊረዳ የመጣ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ደምበጫ አቅራቢያ ሰፍሮ አስተርጓሚ ፈለገ፤ እኔ ተገኘሁ። ከቁይ በእግሬ ስመጣ ስንቄ መንገድ ላይ አልቆ፣ እህል ከቀመስኩ ውዬ አድሬያለሁ። መኮንኑ ብስኩቱን ዘርግቶ በልተሃል ወይ አለኝ። የጨዋ ልጅ ነኝና በመጀመሪያው ጥያቄ እጄን ልስደድ? ደረቴን ነፍቼ ያቺን ዓረፍተ ነገሬን አወጣኋት። እሱም ጥሩ ነው ብሎ ብቻውን ይበላ ጀመር። አሁን ይለምነኛል ብዬ ጠበቅኩ። በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ። ፍርፋሪውን አራግፎ ካርታውን ዘረጋ። ለካ ሰውዬው አምኖኛል።

በማግስቱ አርበኞቹን የሚመሩት ግራዝማች ቤታቸው ጠሩን። ባለቤታቸው እመት ጥሩነሽ እንጀራ በስልጆ አቀረቡ። መኮንኑ በልቶ ነበር የመጣውና ያችኑ ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ እኔም በታማኝነት ተረጎምኩ። እመት ጥሩነሽ ግን «እንግዳ መቼ ርቦኛል ይላል?» ብለው ጠቀለሉ፤ «በሞቴ» አሉ። ምን ማለታቸው ነው ቢለኝ፣ እምቢ ካልክ እሞታለሁ እያሉ ነው አልኩት። ደንግጦ ጎረሰ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ፤ ከዚያ ሦስተኛው። የጣሊያን መድፍ ያልመለሰው ሰው በአንዲት ሴት እጅ ተረታ። እመት ጥሩነሽን ያን ቀን እንዳደነቅኩ ማንንም አድንቄ አላውቅም። እኔንም ለመኑኝ፤ የትናንቱን ጨምሬ መተንፈስ እስኪያቅተኝ በላሁ።

ስንመለስ መኮንኑ ቀበቶውን እያላላ፣ ትናንት በእውነት በልተህ ነበር ወይ ሲል ጠየቀኝ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ደግ ሰው ነውና አዘነ። ሰፈር እንደደረስን ብስኩቱን ከነሳጥኑ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። በልቻለሁ አልኩት። ያቺን ግሥ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መምህሬ እንዳሉት፣ ምግቡ ሆዴ ውስጥ ሳለ ተናገርኳት።

እሱ ግን ፈገግ አለና ከእመት ጥሩነሽ የተማራትን ብቸኛ አማርኛ አወጣ፤ «በሞቴ» አለኝ።

ጣሊያን ያልገደለውን ሰው እኔ ልግደለው? በላሁ።