የአያ ቢራራ አብሾ

ሰው ጎበዝ ሲሆን ምነው አናምንም? ነጋዴው ከቀናው ውቃቢው ነው፤ ሯጩ ከቀደመ ጂኒ አለበት። የሰውዬውን ላብ ማን ያየዋል? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

የእናቴ ወንድም አያ ቢራራ ጠዳ አጠገብ ባለ ደብር መሪጌታ ነው። ድጓውን፣ ያን ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ መጽሐፍ ሳይገልጥ ይዘልቀዋል። አገሩ ታዲያ ምን ይላል? «አብሾ ጠጥተው እኮ ነው!» አብሾ የቆሎ ተማሪ ተደብቆ የሚጠጣው ቅጠል ነው። የጠጣው ሰው የሰማው አይጠፋውም፣ መንፈስ በጆሮው ሹክ ይለዋል ይባላል። ጠላ የቀመሰ ዕለት ግን ያብዳል። አያ ቢራራም በየድግሱ ውኃውን ይዞ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ግን ከሰው ዋንጫ አይነቀልም።

በቀደም እናቴ ታማ ተነሣችና አስጠራችኝ። ያኔ በተማሪነቱ አብሾውን በጥብጣ የሰጠችው እሷ ናት። «አብሾ አልነበረም» አለችኝ እያለቀሰች። ያብድብኛል ብላ ፈርታ፣ ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በማር በጥብጣ ነው ያጠጣችው። «ዕድሜውን ሙሉ በከንቱ ከጠላ ለየሁት። ብነግረው ደግሞ ዜማው ቢጠፋበትስ? እንጀራው እኮ ነው!» ጭንቋን አሸክማ ላከችኝ።

ስደርስ ጉም ወርዷል። ደብሩ አይታይ፣ ዛፉ አይታይ፤ የአያ ቢራራ ዜማ ብቻ ከነጩ ውስጥ ይመጣል። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እንዲህ ያለው ነገር ከተልባ ይወጣል? እውነቴን ነው፣ መንፈስ ቢኖርበት ደስ ባለኝ።

ፈራ ተባ እያልሁ ነገርሁት። ሳቀ። «ተልባ መሆኑንማ ገና ስጎነጨው አወቅሁ። የቤታችንን ተልባ ላጣው ነው?» ታዲያ ዜማው ከየት መጣ? «እህቴ እንዳትሳቀቅ ብዬ ሌት ተቀን አጠናሁ» አለኝ። ጠላውስ?

«ብጠጣና ባላብድ፣ ውሸቷ ይታወቅባት የለ!»

ወይ እህትና ወንድም! እንባዬ መጣ። ይዤው እናቴ ዘንድ ሄድሁ።

ሁሉን ስንነግራት ጠላ ቀዳችለት። ጠጣ። ደገመ። ሠለሰ። እሷ ዓይን ዓይኑን ታያለች። ተነሥቶ ዜማውን ጀመረው፤ አንዲት ቃል አልሳተም። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

ስሸኘው ጉሙ እንዳለ ነው። እሱ ያዜማል፤ እኔ በሕልሜ የምሄድ ይመስለኛል። ለካ ኃይሉ ከሰው ውስጥ ነው፣ አልሁ በልቤ። ዜማው ምንም አልጠፋበትም።

የጠፋበት የቤቱ መንገድ ነው።