በክሪክ የተነሳሁበት እሁድ

ትናንት እሁድ ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላጥፍ በረንዳው ላይ ቁጭ ባልኩበት፣ ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም አይፈታም ይላሉ፤ እኔም ፍቱልኝ አልልም። ብቻ እንዳየሁት ልንገራችሁ።

አስቀድሞ ግን ምን እያሳሰበኝ እንደተኛሁ ይታወቅልኝ። የልጅ ልጄ ኤፍራታ ሁለት ዓመት ሙሉ በጓሯችን፣ ድሮ ከሰል እናስቀምጥበት በነበረው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ አንዲት አሮጌ ቮልስ ስትሠራ ከርማለች። መሥራት ስል ማደስ ብቻ አይደለም። ጣሪያዋን ቆርጣ ዝቅ አደረገቻት፤ የኋላ ጎማዎቿን አወፈረቻቸው፤ በዚያች ሚጢጢ ሆዷ ውስጥ የሚኒባስ ሞተር ከተተችባት። በሥራ ቀን መድኃኒት ቤት ነው የምትውለው፣ ነጭ ጋውን ለብሳ፤ ቅዳሜና እሁድ ግን እስከ ክርኗ ግሪስ ናት። እንደሷ ያሉ ሰባት ሆነው ማኅበር አላቸው፤ ሁሉም በየቤታቸው ጓሮ ነው የሚሠሩት። የጨረሱትን መኪና ከከተማ ውጭ፣ ተሠርቶ አልቆ ገና ወዳልተከፈተው አስፋልት ይወስዱና ሁለት ሁለት እየሆኑ ያስጋልቧቸዋል። ይህንን "መሞከር" ይሉታል።

አንድ ደንብ ግን አላቸው፤ ማንም አይጥሰውም። መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢ ስትወጣ፣ የቤቱ ትልቅ ሰው ሳይመርቅ ሞተር አይነሳም። በኛ ቤት ትልቁ ሰው እኔ ነኝ። ልጄን ሰይፉን፣ የኤፍራታን አባት፣ መንገድ ነው የበላብኝ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። እሷ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። እና አፌን ያዝኩ። ሦስት እሁድ መጥታ ጉልበቴ ሥር ተንበረከከች። አንዱን እሁድ ወጡ ያርርብኛል አልኳት፤ ሌላውን ራሴን አመመኝ፤ ሦስተኛውን ምን እንዳልኩ እንኳ አላስታውስም። ለጎረቤቴ ለደብሪቱ፣ "የዚያች መኪና የመጨረሻው ፍሬን የኔ አፍ ነው" ብዬ ነግሬያታለሁ። ትናንት አራተኛው እሁድ ነበር።

በሕልሜ ግቢው ያው የኛው ግቢ ነው። ቮልሷ ግን ቤት ገብታ አልጋዬ ላይ፣ ብርድ ልብሴን ለብሳ ጋደም ብላለች። እኔ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ በክሪክ ተነስቼ ቆሜያለሁ፤ እግሬ መሬት አይነካም። ምንም አልደነቀኝም። የቀሚሴ ጠርዝ ግሪስ እንዳይነካው ብቻ ነበር የምሰጋው።

የሰፈሩ መኪኖች ተሰብስበዋል። የሥራ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ባጃጇ ካቻቢቴና ፒንሳ ታቀብላለች፤ አንድ ጭነት መኪና በሩ ላይ ቆሞ ይተቻል። ቮልሷም ከአልጋዬ ተነስታ መጣችና የፊት መብራቷን ጉልበቴ ላይ አበራች።

"ሞዴሏ የስንት ነው?" አለ ጭነት መኪናው።

"የአርባ አምስት" አለች ቮልሷ።

"ጥርሷስ ኦሪጅናል ነው?"

"ከፊት ሦስቱ።"

"እንዳትነኩት! ኦሪጅናል ዛሬ የት ይገኛል?"

"ጉልበቷ ግን ዝጓል።"

"ዝገት ምን አላት፣ በነጭ ጋዝ ይለቃል። ዋናው ቦዲው ነው። ይቺ ወገብ እኮ አንድ ቀን እንኳ አልተበየደችም!"

ፊት ለፊቴ እንዲህ ስለኔ ሲያወሩ አፈርኩ። ደግሞም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ትንሽ ኮራሁ።

ቮልሷ ደረቴን እንደ ኮፈን ከፈተችው። አላመመኝም። ልቤን ፈትታ አወጣችና ለባጃጇ ሰጠቻት። ባጃጇ አገላብጣ አየችው።

"ይሄ እኮ ልብ አይደለም" አለች። "ፍሬን ነው። ሙሉ በሙሉ ፍሬን ሆኗል።"

"ስንት ዓመት ተረግጦ ነው እንዲህ የሆነው?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

ጭነት መኪናው መብራቱን አጠፋ፤ ወንድ ሰው ለቀብር ባርኔጣውን እንደሚያወልቅ።

በወጣው ልቤ ፋንታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሌላ ልብ አመጡ፤ ቀይ፣ እንደ ዓሣ የሚፈራገጥ።

"ይሄን ደግሞ ከየት አመጣችሁት?" አልኳቸው።

"ምናለሽ ተራ፣ አሮጌ ዕቃ መሃል ስንት ቅዳሜ ዞረን" አለች ቮልሷ። "የአሥራ ስድስት ዓመት ልብ ነው።"

"የማን?"

"ያንቺው። ሲድሩሽ ጥለሽው የሄድሽው።"

ገጠሙልኝ። ሁለቴ ዘለለና ቦታውን ያዘ።

ወዲያው መንገድ ላይ ነበርኩ። ሌሎቹም የሰፈሩ አያቶች እንደኔ ተሠርተው እየወጡ ነው። ደብሪቱን ዝቅ አድርገው ሠርተዋታል፤ ወገቧ ከመሬት አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

"እንዴት ሆነሽ ነው አንቺ?" አልኳት።

"ጉድጓድ ላይ እቸገራለሁ እንጂ ለአስፋልትስ አንደኛ ነኝ" አለችኝና በአጠገቤ ሽው አለች።

ነዳጅ ማደያው ጋ ረጅም ሰልፍ አለ። የተሰለፈው ግን ነዳጁ ነበር። ጄሪካኖች ጢም ብለው ሞልተው፣ ክዳናቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሰው ይጠብቃሉ።

"ሰው መጣ ወይ?" ይላል ከኋላ ያለው።

"ነገ ይገባል አሉ" ይለዋል ከፊት ያለው።

"ባለፈውም ነገ ብለው ነበር እኮ!"

ሳልፍ ሁሉም በተስፋ አዩኝ። አዘንኩላቸው፤ ግን ቸኩያለሁ።

መንጃ ፈቃድ የሚሰጡት አህዮች ነበሩ። ፈተና ሊወስዱ የመጡ ሹፌሮች ጆንያ ተጭነው በፀሐይ ቆመዋል። አንድ ሸምገል ያለ፣ መነጽር ያደረገ አህያ ጠራኝ።

"ጭነት ተሸክመሽ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ ጌታዬ።"

"ምን?"

"ልጅ።"

"ስንት?"

"አንድ ወልጄ፣ አንዲት አሳድጌ።"

"የወለድሽው የት አለ?"

"ቁልቁለት ላይ።"

አህያው መነጽሩን አወለቀ። "እኛ ቁልቁለት ላይ ቀስ እንላለን" አለኝ። "በዱላ የሚያስቸኩሉን ሰዎቹ ናቸው።" ከዚያ ኮቴውን ቀለም ነክሮ ግንባሬ ላይ ማኅተም መታልኝ። "ሂጂ። ያለ ምርቃት ግን ከበርሽ እንዳትወጪ።"

እንደገና በራችን ላይ ነኝ። ኤፍራታ ወንበር አስቀምጣ መውጫውን ዘግታ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ጥጥ መስሏል። የኔን ነጠላ ለብሳለች፤ መቁጠሪያ ይዛለች፤ ጥፍሯ ውስጥ ግን ያው ግሪሷ አለ።

"ወዴት ነው?" አለችኝ።

"አስፋልቱ ጋ። ልሞክር።"

"ሹራብ ሳትደርቢ?"

"ሙቀት ነው እኮ።"

"ሰው የሚታመመው በሙቀት ነው። ቁርስስ?"

"በልቻለሁ።"

"ምን በላሽ? አላየሁሽም።"

ተንበረከክሁ። አዲሱ ጉልበቴ ድምፅ አላሰማም። "ኤፊ፣ መርቂኝና ልሂድ" አልኳት።

"ራሴን አመመኝ።"

"ሁለት ቃል ብቻ።"

"ወጡ ያርርብኛል።"

"ሌሎቹ አያቶች ሁሉ ሄደዋል!"

"የሰው አያት ገደል ቢገባ አብረሽ ልትገቢ ነው?"

ይህንን አነጋገር የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ፤ የት እንደሆነ ግን ሊመጣልኝ አልቻለም።

"ልጄ" አልኳት፣ "ሌላው ሰው ሁሉ ከሞተሩ ነው የሚጀምረው። እኔ ከፍሬኑ ነው የጀመርኩት። አንድ ዓመት ሙሉ ፍሬን ብቻ ነው የሠራሁት። መቆም የማይችል ነገር ለምን ይሂድ?"

ይህ የራሷ የኤፍራታ ቃል ነው። ስንት ጊዜ ነግራኛለች፤ እኔ ግን ድስቴን እያማሰልኩ ነበር የምሰማት። አሁን ከኔው አፍ ሲወጣ ገና ዛሬ የሰማሁት መሰለኝ። እሷ ግን ድስት ታማስል ጀመር። ድስቱ ከየት እንደመጣ አላየሁም።

ድስቱ ሲገነፍል ግቢው በሙሉ አስፋልት ሆነ።

አያቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው መነሻው ላይ ተደርድረዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ተመልካቹ ሸንኮራ እየመጠጠ ቆሟል። ሁሉም መንገድ የበላቸው ሰዎች ነበሩ። ማንም አልነገረኝም፤ ልብሳቸው በጣም ንጹሕ ስለነበረ ነው ያወቅኋቸው። ከመካከላቸው ሰይፉ የእጅ ፓምፕ ይዞ ወጣና እግሬ ሥር ቁጢጥ አለ።

"እማዬ፣ ግራ ተረከዝሽ ንፋስ ጎሎታል" አለኝ፤ መንፋት ጀመረ።

"ሰይፉ... ልጄ..."

"እግርሽን አታንቀሳቅሺ፣ ንፋሱ ይወጣል።"

"በልተሃል?"

"በልቻለሁ።"

"ማን ሰጠህ?"

"ኧረ እማዬ፣ ወረፋ አታጨናንቂ። ከኋላሽ ሰው አለ።"

ተረከዜን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ሞከረው። "አሁን ጠነከረ" አለ። ፊቱ ላይ አንድም ጭረት አልነበረም። ሸንኮራውን ይዞ ወደ ቦታው ተመለሰ። የምጠይቀው ነገር ነበረኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በልቤ ይዤ የኖርኩት ጥያቄ። ጠፋኝ።

አስጀማሪዋ ፍየል ነበረች። ቀይ ጨርቅ በአፏ ይዛለች፤ ግማሹን በልታዋለች።

"የዚች መራቂ የታለች?" አለች።

ኤፍራታ ከወንበሯ ተነሳች። አፏን በሁለት እጇ አፍናዋለች።

"መራቂዋ እምቢ ካለች ይቺ ወደ ክሪኩ ትመለሳለች" አለች ፍየሏ፣ ጨርቁን እያላመጠች። "ቶሎ በይ፣ ጨርቁ እያለቀ ነው።"

ኤፍራታ አየችኝ። እንዲያ ስትፈራ አይቻት አላውቅም። ፊቷ ክፉ ሆኖ ነበር፤ ልክ የሚጠላኝ ሰው ፊት። የሚሳሳልን ሰው ፊቱ እንዲህ እንደሚከፋ ያን ጊዜ አወቅሁ። እጇን ከአፏ አወረደችና መረቀችኝ።

"ሂጂ ልጄ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። እሾህ አይውጋሽ፣ እንቅፋት አይምታሽ። የሰከረ አይግጠምሽ፣ የቸኮለ አይምጣብሽ። የሚያስኬድ ጉልበት፣ የሚያቆም ልብ ይስጥሽ። በሄድሽበት እግርሽ ተመለሽልኝ። አባትሽ ያላለፈውን ቁልቁለት አንቺ እለፊው።"

የኔ አባት በሰማንያ ዓመቱ አልጋው ላይ ነው የሞተው፤ የምን ቁልቁለት እንደሆነ ግራ ገባኝ። ደግሞ ቃሉ የወጣው ከሷ አፍ ነው፤ ድምፁ ግን የኔ ነበር። ብዙ ሰው በአንድ ላይ አሜን አለ።

ፍየሏ የቀረውን ጨርቅ ዋጠች። ሄድኩ።

ምን ልበላችሁ! መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሴት ወይዘሮ። ቀጥሎ ዛፎቹ እርስ በርስ ተያያዙ። ነጠላዬ ከኋላዬ ተዘርግቶ ይንበለበላል። ያ የአሥራ ስድስት ዓመት ልብ ደረቴን ይደበድበዋል። ከተዳርኩ ወዲህ ያልሳቅሁትን ሳቅ ሳቅሁ። "ጨምሪ!" አልኩ ለራሴ። "ጨምሪ! ጨምሪ!" ከፊቴ ቁልቁለቱ ታየኝ። እግሬን ወደ ፍሬኑ ሰደድኩ፤

ነቃሁ። ቀኝ እግሬ የበረንዳውን ሊሾ ረግጦ ይዟል። ደብሪቱ ፊቴ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

"እትዬ ምንታምር፣ እግዜር ይስጥዎት" አለችኝ። "አንጀት የሚያርስ ምርቃት ነው። ልጅቷ እኮ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጓደኞቿም ሁሉ በአንድ ላይ አሜን አሉ።"

"የምን ምርቃት?"

"ውይ! አሁን የመረቋት ነዋ! መጥታ ጉልበትዎን ያዘች፤ ገና 'እማማ' ከማለቷ፣ እርስዎ ዓይንዎን እንደ መነኩሴ ጨፍነው 'ሂጂ ልጄ' ብለው ጀመሩ። አባቷን ሲያነሱማ እኔም አልቻልኩ።"

ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ዞርኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ባዶ ነው።

"ጥሪያት!" አልኩ። ልነሳ ስል ጉልበቴ ጮኸ። "ተኝቼ ነበር በያት! ደብሪቱ፣ ስወድሽ፣ አስቁሚልኝ!"

"እንዴ፣ ምርቃት ወጥቶ ይዋጣል እንዴ?"

"አስቁሚያት እልሻለሁ!"

"በምን እግሬ እደርስባታለሁ? ደግሞስ ምን ያስፈራዎታል?" ሳቋ መጣባትና አፏን ያዘች። "ቀስ ብላ ከበር ስትወጣ፣ ራስዎ አይደሉም እንዴ ከዚህ ሆነው 'ጨምሪ! ጨምሪ!' ያሏት? እኔስ ደንግጬ ነበር። እሷ ግን በመስኮት እጇን አውጥታ፣ 'እሺ እማማ!' አለችዎት።"

ከሩቅ፣ ከአዲሱ አስፋልት በኩል፣ የሞተር ድምፅ መጣ። እየጨመረች ነበር።