ከራስጌ የሚቀመጥ ሰው

የማደንዘዣ ባለሙያው ዘለቀ ሕልም አየ። ዕድሜውን ሌላውን ሲያስተኛ የኖረ ሰው ነውና እንቅልፍ ለራሱ ሲደርሰው እንደ ሰው እንቅልፍ ቀጥ ብሎ አልመጣለትም፤ ተገልብጦ መጣ።

በሕልሙ የሚሠራበት ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ነበር። ሐኪሞቹ ሁሉ ጋቢ ተከናንበው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። በሽተኞቹ ደግሞ ነጭ ጋዋን ለብሰው ወዲያ ወዲህ ይጣደፋሉ፤ ሐኪም ሰላም ሲላቸው እንኳ ቀና ብለው አያዩም። በሩን የሚጠብቀው ካፖርት የደረበ አህያ ነው።

«ማንን ልትጠይቅ ነው?» አለው አህያው።

«ራሴን።»

«ተኝቷል?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ምግብ ማስገባት አይቻልም» አለና ዘለቀ በፌስታል የያዘውን ምሳ ተቀብሎ እዚያው ቆሞ በላው። ዘለቀ አልተቀየመውም። የምሳ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ አህያም ቢሆን ሰው ነው ብሎ አለፈው።

ኮሪደሩ ላይ የሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪም፣ ወጣቱ ዶክተር ናሆም፣ አልጋ ላይ ተጋድሟል። እግራቸው የተሰበረ አንድ ሽማግሌ አጠገቡ ቁጭ ብለው ደረቱን መታ መታ እያደረጉ እሹሩሩ ይሉታል።

«አባቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ዘለቀ።

«እያስተኛሁት ነዋ። ቀስ በል፣ ገና አሁን ነው ዓይኑን የከደነው። አዲሱን ደንብ አልሰማህም? ሐኪሙ ጠግቦ ካልተኛ የኔ እግር አይገጥምም።»

«እኔንስ ማን ያስተኛኛል?»

«ያንተ ገና እየተመረጠ ነው። አዳራሽ ሂድ፣ ሳይበተኑ ድረስባቸው።»

ዘለቀ ወደ አዳራሹ አመራ። ከሐሙስ ወዲህ ቤቱን አላየም። የሥራ ባልደረባው ለትምህርት ከሄደች ጀምሮ በዚያ ሆስፒታል ሰው የሚያስተኛ እሱ ብቻ ነው፤ ሌሊቱም የእሱ፣ ቀኑም የእሱ። ልጅ እናቱን እንደሚናፍቅ እንቅልፍ ይናፍቀዋል። ግን ደግሞ ይፈራል፤ ሰመመን ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለማ። ሰመመን ውስጥ የገባ ሰው መተንፈስ እንኳ ይረሳል። የሚያስታውስለት ሰው ከራስጌው ከሌለ እንደ ተረሳ ይቀራል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሚኒባስ ረዳት አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ ቆጣሪ የሚያነብ አለ፣ የሆስፒታሉ አስተዳዳሪም ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ፈታኞቹ ዶሮዎች ናቸው።

«ማስተኛት የሚችል እጁን ያውጣ» አለች ትልቋ ዶሮ።

አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ።

«መርፌ መውጋት አይደል እንዴ? ምን አለው?» አለ ረዳቱ።

«እኔ በስብሰባ ብቻ ስንቱን አስተኝቻለሁ» አሉ አስተዳዳሪው፤ እውነታቸውን ነበር።

«ማስነሳትስ የሚችል?»

እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። አንዳንዱ ሰዓቱን አየ፣ አንዳንዱ ጫማውን።

«ይሁን፤ እስኪነሳ ድረስ ከራስጌው የሚቀመጥስ? ስልክ ማናገር የለም፣ ወጣ ብሎ መምጣት የለም፣ ዓይን ከእሱ ላይ መንቀል የለም።»

ወንበሮቹ ተንጓጉ፤ አዳራሹ ባዶ ሆነ። አስተዳዳሪው ሲወጡ ዘለቀን ትከሻውን መታ አድርገው «ዋናው መተኛትህ ነው፤ መነሳቱ በሂደት ይታያል» አሉት።

ወዲያው ራሱን የቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ተዘርግቶ አገኘው። እንዴት እንደ ወጣበት አላወቀም። ከላዩ መብራት በሚሰቀልበት ቦታ ትልቅ የሱፍ አበባ ያዘነብላል። የልብ ምት የሚቆጥረው ማሽን በሚቆምበት ቦታ አንዲት ግልገል ቆማ ልቡ በመታ ቁጥር «ሜ» ትላለች። ከራስጌው ማንም የለም። ባዶ በርጩማ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ በእጁ ያለፉትን ሰዎች አሰበ። መርፌውን ከመውጋቱ በፊት ለሁሉም «አይዞህ፣ እዚሁ ነኝ» ይላቸው ነበር፤ አፉ ስለለመደው እንደ ሰላምታ ነው የሚለው። ምን ያህል ትልቅ ቃል እንደሆነ ያወቀው አሁን ተጋድሞ ነው። እሱን ግን እንዲህ ያለው ሰው ትዝ አላለውም። ሆድ ባሰው።

«አይዞህ፣ እዚሁ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ።

ቀና ብሎ ሲያይ የሴት ፊት ነው፤ ግን ተገልብጧል፤ አገጯ ከላይ፣ ግንባሯ ከታች። ቢሆንም ደግ ፊት ነበር።

«የት ነው አገርህ?» አለችው።

ነገራት።

«ልጅ ወልደሃል?»

«አንዲት ሴት። ስመለስ ተኝታ፣ ስወጣ ተኝታ ነው የማያት።»

«እሷም አንተን እንዲሁ ነው የምታስብህ። በል አሁን ተኛ።»

«እንዳትሄጂ።»

«ወዴት እሄዳለሁ? እግሬን እኮ አንተው ወስደህብኛል» አለችና ፈገግ አለች። ዘለቀ እግሯን የት እንዳስቀመጠው ሊያስታውስ ሞከረና አቃተው። ነገሩን ተወው። ሰውነቱ እየቀለለው ሄደ። ደስ አለው፤ ከልቡ ደስ አለው። ከሩቅ የግልገሏን ድምፅ ይሰማል፤ አንዴ ሕፃን ትመስላለች፣ አንዴ ማሽን።

«ወንድሜ» አለች ሴትዮዋ ትንሽ ቆይታ፣ ፊቷ እንደ ነጠላ ነጥቶ። «ልቤን አጥወለወለኝ።»

የተኛሁት እኔ፣ ልቧን የሚያጥወለውላት እሷ፣ እንዴት ነው ነገሩ ብሎ አሰበ። እጅጌውን ጎተተችው።

ነቃ።

በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤ ጭንቅላቱ ግድግዳውን ተደግፏል። የከሰዓት ፀሐይ በኦፕራሲዮን ክፍሉ መስኮት ገብታለች። ፊት ለፊቱ አልጋው ላይ አስካለ ተኝታለች፤ ምጥ ጠንቶባት ከገጠር በቃሬዛ የመጣች፣ ከወገቧ በታች በመርፌ ያደነዘዛት እናት። ከራስጌዋ ስለሆነ ፊቷን የሚያየው ተገልብጦ ነው። ዓይኗ ፈጧል። በጣቶቿ እጅጌውን ይዛለች። ከአረንጓዴው መጋረጃ ወዲያ ዶክተር ናሆም አቀርቅሮ ይሰፋል፤ ከጥግ ነርሷ የታቀፈችው ሕፃን ያለቅሳል።

ማሽኑን አየ። የደም ግፊቷ ወርዷል። ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ ግሉኮሱን እስከ መጨረሻው ከፈተው፣ ግፊት የሚያነሳውን መድኃኒት በመርፌ ጨመረላት። ቁጥሩ ቀስ እያለ መውጣት እስኪጀምር ድረስ ዓይኑን ከማሽኑ ላይ አልነቀለም።

«ልቀሰቅስህ አልፈለግሁም ነበር» አለችው በሹክሹክታ። «ወሬ ስጠይቅህ እየመለስክልኝ ዝም አልክ። ደክሞታል፣ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው። ሲያጥወለውለኝ ጊዜ ነው እንጂ።»

ዘለቀ ግንባሯን በመዳፉ ያዘው።

«ጋሽ ዘለቀ፣ እንዴት ናችሁ እዚያ?» አለ ዶክተር ናሆም ቀና ሳይል።

«ደህና» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

«ዶክተር፣ ተኝቼ ነበር። ግፊቷ ወርዶ አሁን እየተመለሰ ነው።»

የሚሰፋው እጅ ቆመ። ነርሷ ሕፃኑን እንደታቀፈች ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ዶክተሩ።

ዘለቀ አላወቀም። ነርሷን አያት፤ እሷም አላወቀችም። ዶክተሩም አላወቀም።

«ልጁ ካለቀሰ ወዲህ ነው» አለች አስካለ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና፣ በደከመ ድምፅ። «ብዙም አልቆየ፤ እንዳትቆጡት። እኔ ነቅቼ ነበር።»