የጋሼ ታደሰ ኬክ

አሳማ መብላት ተፈቅዷል ብሎ የሚያስተምር፣ ሲበላ ግን መጋረጃ የሚዘጋ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ቸርች ሞልቷል።

ባለፈው እሑድ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩትን ጋሼ ታደሰን ልንጠይቅ ከቸርች አራት ሆነን ካስልሪጅ ወደሚባለው ሰፈራቸው ሄድን። ቤቱን የአፕል፣ የጥብስ ቅጠልና የአሳማ ሥጋ ሽታ ሞልቶታል።

«ጋሼ፣ ኦቨን ውስጥ ምን አለ?» አልኳቸው።

«የአፕል ኬክ ነው» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ማን ይሟገታል? ሽታውን ሁላችንም ከየቤታችን እናውቀዋለን።

«የጸሎት ርዕስ አለዎት?» አልናቸው።

«ብቻዬን መብላት ከብዶኛል፤ ጸልዩልኝ።»

ዓይናችንን ጨፍነን አጥብቀን ጸለይን። ጸሎቱ ሲያልቅ ኦቨኑ መከፈቱ አይቀርምና፣ ኬኩ እያረረ እንኳ «አሜን» ለማለት የደፈረ የለም። በመጨረሻ አቅፈናቸው ወጣን፤ በየቤታችን ገብተን፣ መጋረጃችንን ዘግተን፣ የየራሳችንን «የአፕል ኬክ» ለየብቻችን በላን።