ማቶኬ የሚገባበት በር

ይቅርታ የሚያበዛ ሰው ትወዳላችሁ? እኔም እወድ ነበር፤ ካምፓላ መሃል አዲስ ወደተከፈተው ባለ እብነ በረድ ሆቴል ጋሽ ሀሰንን ይዤ እስክሄድ ድረስ። ጋሽ ሀሰን ካንሳንጋ ሰፈር ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የዚያን ቀን ልጃቸውን እየዳሩ ነበር። ሙሽራዋ ከላይ አዳራሹ ውስጥ ትጠብቃቸዋለች፤ በመካከላቸው አሥራ አራት ደረጃ አለ።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ እየሮጠች መጣችና እንደ አገሬው ወግ ፊታቸው ተንበርክካ ሰላም አለቻቸው። «ሶሪ ጌታዬ፣ በጣም ሶሪ!» እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ትሕትና አይቼ አላውቅም። ደረጃው ግን በትሕትና አላጠረም።

«ሌላ መግቢያ የለም?» አልኳት።

«በጓሮ አለ፤ ደረጃም የለውም። ግን የማቶኬ ጋሪ የሚገባበት ነው። ክቡር እንግዳ እንዴት በዚያ አስገባለሁ?»

አያችሁልኝ? ለማቶኬው፣ ለሚቀቀለው ሙዝ፣ መንገድ ታስቦለታል፤ ለሙሽራዋ አባት ግን ክብር ብቻ ተረፋቸው።

ሴትዮዋ እንደተንበረከከች ይቅርታዋን ቀጠለች። ጋሽ ሀሰን ወንበራቸውን ወደ ጓሮው አዞሩና ቀስ ብለው አሏት፦

«ተነሺ ልጄ፤ መንበርከክ የነበረበትስ ደረጃው ነው።»