ልጄን ክሰሱልኝ

ፍርድ ቤት በር ላይ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ሁሉ ከውስጥ ካሉት ዳኞች የበለጠ ሕግ አውቃለሁ ባይ ነው። የእኛው ግን ከሁሉም ይብሳሉ። ክቡርነታቸው "ይግባኝ የለሽ" ይባላሉ።

ባለጉዳይ ገና በርጩማው ላይ ሳይደላደል ይፈርዱበታል። ባሏን ልትከስ የመጣችውን "ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ ፈርጃለሁ!" ይሏታል፤ ከዚያ ጽሕፈት መኪናቸውን ጠጋ አድርገው ድንጋይ የሚያስለቅስ ማመልከቻ ይጽፉላታል። አጥር ለገፋ ስድስት ወር፣ ዶሮ ለሰረቀ ዓመት ይሰጣሉ። አገሩን ለወጋ ሰው ግን ምሕረት ብሎ ነገር አያውቁም። "የጎረቤት በግ ብትሰርቅ ሌባ ነህ። በእናትህ ቤት ላይ ብትተኩስስ? ስም እንኳ የለህም!" ሲሉ የተጠለሉበት ጃንጥላ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል።

አንድ ጠዋት አንዲት የሆስፒታል ልብስ አጣቢ መጣች።

"ጋሼ፣ ልጄ ከባዕድ ጦር ጋር ተሰልፎ አገሩን ወግቷል። እጁን ከሰጠ ስምንት ወሩ። አልከሰሱት፣ አልለቀቁት። ይኑር ይሙት አላውቅም።"

"ይፈረድበት!" አሉ ይግባኝ የለሽ፣ ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ።

"እኔስ ምን አልኩ? እሱኑ እኮ ነው የምለምነው!"

ይግባኝ የለሽ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። ስንት ዘመን እዚያ ሲቀመጡ በፍርዳቸው የተስማማ ባለጉዳይ ገጥሟቸው አያውቅም።

ሦስት ወረቀት ቀደዱ። በአራተኛው ላይ እንዲህ ጻፉ፦ "ልጄን ክሰሱልኝ። ጥፋቱ ይነገረው፤ እሱም ይናገር፤ ዳኛ ይስማው። ባዕድ ይባረራል፤ የቤት ልጅ ግን ይዳኛል።" ሲያነቡላት አለቀሰች። እሳቸው ደግሞ አንዲት ነጥብ ጎድላለች ብለው ከመኪናው ጋር ተጣሉ።

ሦስት ሳምንት ተመላለሱ። ሰውዬው ሥራቸውን ጥለው አብረዋት እየገቡ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ይገተራሉ። "ነገ ይምጡ" ሲሏቸው "ነገም እመጣለሁ፣ ዛሬም አልሄድም!" ይላሉ። እንግዲህ እኚህን ሽማግሌ አለመውደድ ማን ይችላል?

በአራተኛው ሳምንት ልጁ በሕይወት ታየ። ከስቷል፣ ጸጉሩን ተላጭቷል፤ ግን ዳኛ ፊት ቆሞ ክሱ ተነበበለት። እናቱ ውጪ ወጥታ እልልታውን አቀለጠችው። ልጄ ተከሰሰ ብላ እልል ያለች እናት ያን ቀን ታየች።

"ኧረ ዝም በይ፣ ሰው ምን ይላል!" አሉ ይግባኝ የለሽ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። "ጥፋተኛ ነው፤ ፈርጃለሁ። ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ ግን ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ይምጣ። የሥራ ማመልከቻውን ሌላ ሰው እንዳይነካው፤ እኔ ነኝ የምጽፍለት።"